የካውብን ውሃ የሚያውቁት ሄር ፒልግራም

በራይን ወንዝ ላይ እንግዳ ጭኖ የሚመላለስ መርከብ ሁሉ ሁለት ካፒቴን አለው። አንደኛው የተቀጠረው ነው። ሁለተኛው ቲኬት ቆርጦ የተሳፈረው ነው። ይህ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ጡረታ የወጣ ሰው ሲሆን፣ ከሁሉም ቀድሞ ይነቃል፤ ወንዙ ሌሊቱን ስንት ሳንቲ ሜትር እንደቀነሰም ሳያጣራ ጫማውን አያስርም።

ማረን ኦልትማንስ «ሮዛሊንደ» በተባለችው መርከብ ላይ የእንግዶች ኃላፊ ሆና፣ ከባዝል እስከ ኮሎኝ አስራ ዘጠኝ ዓመት ስትመላለስ እንዲህ ያሉ ብዙ ካፒቴኖች አይታለች። ዳቦ ጋጋሪ አይታለች፣ ዳኛ አይታለች፣ የጳጳስ ሾፌርም አይታለች። ክቡር ሄር ትራውጎት ፒልግራምን የመሰለ ግን አልገጠማትም።

በጀርመንኛ ሄር ማለት አቶ፣ ፍራው ማለት ወይዘሮ ነው። ሄር ፒልግራም የካሰል ከተማ ሰው ናቸው። በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ይመጣሉ። ቁርስ ላይ ከረባታቸውን አስረው ይቀመጡና ማረንን ባዩ ቁጥር የካውብን ቁጥር ይነግሯታል። ካውብ የወንዙ ድንጋይ የሚያስቸግርበት፣ ውሃው የሚሳሳበት ቦታ ነው። እዚያ ያለው መለኪያ ዝቅ ካለ መርከብ አያልፍም።

«ደህና አደሩ፣ ፍራው ኦልትማንስ። ካውብ ሰማንያ አንድ። ትናንት ሰማንያ አራት ነበር።»

«ደህና አደሩ፣ ሄር ፒልግራም። ቡና ላስመጣልዎ?»

«ሦስት ሳንቲ ሜትር እኮ ነው የወረደው!»

«ወተት ይጨመርበት?»

ጎረቤት ገበታ ላይ ያለ ሰው ደንግጦ «ሰማንያ ብቻ? ታዲያ በእግራችን ለምን አንሻገረውም?» ያለ እንደሆነ ግን አለቀለት። ሄር ፒልግራም ሹካቸውን ያስቀምጣሉ፤ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ያነሳሉ። «ዜሮው ወለል አይደለም!» መለኪያው የሚቆጥረው ድሮ ከተደረገ ምልክት ተነስቶ ነው፤ መርከብ በሚሄድበት መስመር ከዚያ ምልክት በታች ገና ከአንድ ሜትር በላይ ውሃ አለ። ይህን ለአስተናጋጆቹ አስረድተዋል። ለፀጉር ሠሪዋ አስረድተዋል። ሰው ያጡ ዕለት ለሰናፍጭ ጠርሙሱ ሲያስረዱ ማረን በዓይኗ አይታለች።

በአንድ ጸደይ ደግሞ ውሃው ሞላ። ወንዙ ሲጎድል መርከብን ከታች ይይዘዋል፤ ሲሞላ ደግሞ ድልድዩ ከላይ ይይዘዋል። «ሮዛሊንደ» ሽፓየር ላይ ሁለት ቀን ታስራ ቆመች። እንግዶቹ አኩርፈው ካርታ ሲጫወቱ፣ ሄር ፒልግራም ጃንጥላና ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ገመድ ይዘው ወደ ድልድዩ ሄዱ። ሲመለሱ ከጫማቸው ውሃ ይንጠባጠብ ነበር፤ ፊታቸው ግን የሙሽራ አባት ይመስል ነበር።

«ከድልድዩ ሥር ለማለፍ አስራ አንድ ሳንቲ ሜትር ይጎድለናል!» ብለው አዳራሹን አናወጡት።

የተቀጠረው ካፒቴን፣ ሆላንዳዊው ዊበ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ማረንን ጠጋ አላትና «ልክ ናቸው። እንዳትነግሪያቸው» አላት።

ነገሩ የከረረው በነሐሴ ነው። ሳምንታት ያለ ዝናብ አለፉ። «ሮዛሊንደ» ከካውብ በፊት ያለችው ሩደስሃይም ስትደርስ ካውብ አርባ ሁለት ሆኖ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ ሌላ መርከብ «እሞክረዋለሁ» ብሎ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ፣ ሰዎቹን በትንንሽ ጀልባ ሲያወርዱ አንዲት አሮጊት ዳሌያቸው ተሰብሯል። እንዲያም ሆኖ የኩባንያው ቢሮ ለዊበ በዚያ ጠዋት ሁለት ጊዜ ደውሎ «ምናለ ብትሞክረው?» ብሎታል። ዊበ «አይሆንም» አለ። ስልኩን ካስቀመጠ በኋላ ግን የወንዙን ካርታ እንደገና ሲዘረጋ ማረን አየችው።

ቁርስ ላይ ማይክሮፎኑን ያዘች። መርከቧ እዚሁ ትቀራለች፤ እንግዶች በአውቶቡስ ካውብን አልፈው ወደ ኮብለንስ ይሄዳሉ፤ እዚያ ሌላ መርከብ ይጠብቃቸዋል። ገና ሳትጨርስ አዳራሹ ተንጫጫ። ሃፈርኮርን የሚባሉ ጥርስ ሐኪም ተነሱ።

«እኔ የመጣሁት ለመርከብ ነው፤ አውቶቡስማ ሰፈሬም አለ! ደግሞስ ሄር ፒልግራም ሳምንቱን ሙሉ ምን ሲሉን ከረሙ? ዜሮው ወለል አይደለም! ከታች ሜትር ሙሉ ውሃ አለ! ካፒቴኑ ፈርቶ ነው!»

ሰው አጨበጨበ። ጭንቅላት ሁሉ ወደ ሄር ፒልግራም ዞረ። እኚህ ሰው አንድ ቃል ቢጨምሩ አውቶቡስ ላይ የሚወጣ አይኖርም፤ ቢሮው በስልክ፣ እንግዳው በጩኸት ሲገፋው ዊበ እስከ መቼ ይችላል?

ሄር ፒልግራም አፋቸውን ጠርገው ተነሱ።

«ዜሮው ወለል አይደለም። ትክክል ነው» አሉ። ጭብጨባው ተደገመ። እስኪበርድ ጠበቁ። «አርባ ሁለት ላይ አንድ መቶ አስራ ሁለት ደምሩ፤ አንድ ሜትር ከሃምሳ አራት። መርከባችን ቆማ አንድ ሜትር ከአርባ አምስት ትጠልቃለች። ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ተረፈ።» የቡና ስኒያቸውን አነሱ። «ይህቺን ያህላል። መርከብ ሲሄድ ደግሞ ኋላው ይሰምጣል። ስለዚህ ይህቺም የለችም።» ስኒዋን ደፏት። «ሻንጣዬን ዘግቻለሁ። ካፒቴኑ እሄዳለሁ ቢሉ ኖሮ ነበር የምጮኸው።»

«ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ይህን ለምን አልነገሩንም?» አሉ ሐኪሙ።

«ጀምሬ ነበር። ሁልጊዜ ግማሹ ላይ ትነሳላችሁ።»

ከዚያ አንዲት ሴትዮ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደ በሩ ሄዱ። ሌላውም እያጉረመረመ ተከተለ።

አውቶቡሱ ውስጥ ከሄር ፒልግራም ጎን የሚቀመጥ ጠፋ። ወንዙን እሳቸው የጠጡት ይመስል ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረባቸው። ከኋላ አንዱ «ሟርተኛ!» ሲል ማረን ሰማች። ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አመሰግናለሁ» አለቻቸው።

እሳቸው ደነገጡ። «ለምኑ?»

«ለጠዋቱ ነዋ።»

«አርባ አንድ ዓመት የአሳንሰር ተቆጣጣሪ ነበርኩ፣ ፍራው ኦልትማንስ። ገመዱ ካረጀ አሳንሰሩን አቆማለሁ። አንዴ አስራ አንድ ፎቅ ያለው ሕንፃ ላይ አቆምኩ። ሰዉ ለስድስት ሳምንት ደረጃውን በወጣ በወረደ ቁጥር ስሜን እየጠራ ይራገም ነበር። ‹ዛሬም አልወደቅኩም› ብሎ የደወለልኝ ግን የለም። እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።»

አውቶቡሱ ካውብ ደረሰ። ወንዙ መካከል ያለች አንዲት የድሮ ግንብ ዙሪያዋ ደርቆ ጠጠር ሆኖላት፣ ሰዎች በደረቅ ጫማ እየተራመዱ ይጎበኟታል። ሄር ፒልግራም መስኮቱን ተጠግተው አዩ። ጣታቸውን አላነሱም።

«ቁጥሩን ስጽፈው እንዲህ አይመስለኝም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ማረን እጇን ክንዳቸው ላይ አሳረፈች፤ እስከ ኮብለንስም አላነሳችውም።

በኅዳር ወር ከቢሮ ተደወለላት። ጥርስ ሐኪሙ አራት ገጽ አቤቱታ ጽፈዋል፤ አብዛኛው ስለ ሄር ፒልግራም ነው።

«ሄር ፒልግራም ለሚያዝያ ጉዞ ቦታ ጠይቀዋል» አለች የቢሮዋ ሴት። «መርከቡ ሞልቷል ልበላቸው?»

«ተይ፣ እንዳትያቸው። እኔ ገበታ ላይ አስቀምጪልኝ።»

«አንቺ ገበታ ላይ? ማረን፣ ሳምንቱን ሙሉ ያወራሉ እኮ!»

«አውቃለሁ» አለች ማረን። «ናፍቀውኛል።»