ጋሼ ፐርሰንት በነጻ መድኃኒት ሰልፍ ላይ

የአገር ዕድገት የሚያሰላ ጡረተኛ የሌለበት ሰፈር የለም። ካለም ሰው አይኖርበትም። የኛን ሕንፃ ክቡር ምሁር "ጋሼ ፐርሰንት" እንላቸዋለን። ሠላሳ ዓመት ስታትስቲክስ ቢሮ ሠርተው ወጥተዋል፤ ስታትስቲክሱ ግን ከሳቸው አልወጣም።

እምነታቸው አንዲት ናት፤ "መጀመሪያ ይደግ!" መንግሥት ለድሃው፣ ለአዛውንቱ፣ ለሕመምተኛው የሚያወጣው ሁሉ ከዕድገት አፍ የተነጠቀ ነው። ሲያድግ ለሁሉም ይደርሳል። መቼ እንደሚደርስ ከጠየቅክ መነጽራቸውን አውልቀው በሐዘኔታ ያዩሃል። እናቴማ "ላም አለኝ በሰማይ" ብላ ትስቃለች። አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን "የርስዎ ጡረታስ ጋሼ?" ብትላቸው ቱግ አሉ።

"እሱ ሌላ ነው! እሱ የዘገየ ደመወዜ ነው!"

አሁን ጉዳቸውን ልንገራችሁ። ጤና ጣቢያው በወር አንድ ሰኞ ለግፊትና ለስኳር ሕመምተኞች ነጻ መድኃኒት ይሰጣል። ጋሼ ፐርሰንት ራስ ምታት እንኳ አያውቃቸውም፤ ከሰልፉ ላይ ግን አይጠፉም። ጉልበት የከዳቸውን የሕንፃችንን ስድስት እናቶች ካርድ ይዘው ይሰለፋሉ። ተሰልፈውም ሰልፈኛውን ያስተምራሉ፤ "ይሄ ሰልፍ ጨርሶ መኖር የለበትም! ፍሬ የሌለው ወጪ ነው!" ነርሷ "ሃያ ሦስት!" ስትል ደግሞ "አቤት! እዚህ ነኝ!" ብለው ይሮጣሉ።

ባለፈው ወር የሰፈሩ ምክር ቤት መድኃኒቱን ላቆም ነው ብሎ ስብሰባ ጠራ። ነፍሴ ተጨነቀች። እናቴ ያለዚያ ክኒን አትቆምም፣ ገዝቼ እንዳላመጣላት ዋጋው በኔ ደመወዝ አይቀመስም። ሰብሳቢው ተነሥተው "አቅማችን እስኪያድግ እንታገሥ" አሉ። ጋሼ ፐርሰንት እጃቸውን አወጡ። "አለቀልን፣ ሊያጨበጭቡላቸው ነው" አልኳት እናቴን።

ጋሼ ደብተር ገለጡ።

"መዝግቤዋለሁ" አሉ። "ካርዳቸውን የምይዝላቸው ስድስት ሴቶች አሥራ አንድ የልጅ ልጆች ይጠብቃሉ። እነሱ ስለሚጠብቁ ዘጠኝ ሰው ሥራ ይገባል። ክኒኑን አቁሙና ሴቶቹ ይተኛሉ፤ ዘጠኙም ቤት ይውላሉ። ታዲያ አገሩን ማን ሊያሳድግላችሁ ነው?"

ከዘጠኙ አንዱ እኔ ነኝ። ሁለቱ ልጆቼ ያን ሰዓት እንኳ እናቴ ጉያ ውስጥ ነበሩ።

ሰብሳቢው ፈገግ አሉ። "አባት፣ 'መጀመሪያ ይደግ' የሚሉት እርስዎ አልነበሩ እንዴ?"

"ነበርኩ፤ ተሳስቻለሁ። በስንት ፐርሰንት እንደሆነ ገና እያሰላሁ ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እጅ ሲቆጠር መድኃኒቱ እንዲቀጥል ተወሰነ። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና "ተባረክ ወንድሜ!" አለቻቸው።

ስንወጣ ውለታቸው ከበደኝ።

"ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ከእንግዲህ ሰልፉን እኔ ልያዝልዎት፤ እርስዎ ይረፉ" ብዬ ከደረት ኪሳቸው ብቅ ያለውን የእናቴን ካርድ ወሰድኩ።

ፊታቸው ክው አለ። ወዲያ ወዲህ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ኧረ ባክህ ልጄ... እዚያ ካልሄድኩ ማን ያናግረኛል?"

ካርዱን ደረት ኪሳቸው ውስጥ መልሼ ከተትኩት። ይህን ነዝናዛ ሽማግሌ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።