የፍራሹ ብስክሌተኞች ክቡር ታሪክ

በጎንደርና በአካባቢዋ የስፖርት ታሪክ ውስጥ እጅግ የተከበረው ቦታ የመጨረሻው ቦታ ነው። ይህን ቦታ በብርቱ ተጋድሎ ያስከበረው የብስክሌት ቡድን የከፈለው መሥዋዕትነት ሳይነገር ቢቀር ለከተማው ነውር ነውና፣ እነሆ እንናገራለን። የሰማ ላልሰማ ያሰማ፤ የቸኮለ ካለ ይለፈን።

ቡድኑን የመሠረቱት አቶ ሙሉቀን ናቸው። አቶ ሙሉቀን ብስክሌት መንዳት አይችሉም። ይህ ግን በሥራ አስኪያጅነታቸው ላይ ያመጣው እንከን የለም፤ እንዲያውም ከብስክሌት ወድቀው ስለማያውቁ በሙያው ንጹሕ ስም አላቸው። በመጀመሪያው ዘመን የቡድኑ ስፖንሰር አንድ ዱቄት ፋብሪካ ነበር። ድጋፉን የሚሰጠው በዱቄት ስለነበረ ልጆቹ በአንድ ክረምት ኩፍ አሉ፤ ጎማውም አልሸከምም አለ። በሁለተኛው ዘመን አንድ የግል ኮሌጅ መጣና «ያልተማረ የኮሌጁን ስም አይለብስም» ብሎ ሁሉንም ሂሳብ አያያዝ አስገባቸው። የውድድሩና የፈተናው ቀን አንድ ላይ ዋለ። ልጆቹ ግማሹን ቀን እዚያ ግማሹን ቀን እዚህ ሲሮጡ ውለው በሁለቱም ወደቁ። ሦስተኛውና ወርቃማው ዘመን የፍራሹ ዘመን ነው።

ሐጂ ዐብዱረሕማን አራዳ ላይ ከአባታቸው በወረሱት ሱቅ ፍራሽ የሚሸጡ፣ እጃቸው የማይሰስት፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ነጋዴ ናቸው። ለልጆቹ አዳዲስ ብስክሌት ገዙላቸው፤ ማልያም አሰፉላቸው። በምላሹ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሱቃቸው ላይ የተጻፈው ሁሉ ማልያው ላይ ይጻፍ አሉ። ተጻፈ። «ሐጂ ዐብዱረሕማን ሸኽ ኡዘይርና ልጆቻቸው የስፖንጅ ፍራሽ፣ የትራስና የብርድ ልብስ ማከፋፈያ፤ አራዳ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፤ በጅምላና በችርቻሮ፤ ዱቤ የለም።» ጀርባ ሁሉን መቻል ስላቃተው «ዱቤ የለም» የሚለው ወርዶ መቀመጫው ላይ ሰፈረ።

ይህን ማልያ ከለበሱት ሁሉ ፈጣኑ ቢያዝን ነበር። ቢያዝን የዳባት ገበሬ ልጅ ነው፤ በኪራይ ብስክሌት የጀመረ፣ ዳገት ሲያይ ፊቱ የሚፈካ ጉድ ልጅ። በዚህ ዓለም ላይ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ በቴሌቪዥን በሚተላለፈው የአገር አቀፍ ሻምፒዮና ላይ መጋለብ። ለዚያ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ከደባርቅ ጎንደር የሚደረገውን ውድድር አሸንፎ በመራጭ ኮሚቴው ዓይን መግባት አለበት። ኮሚቴው የሚወስደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ካልሆነለት የሚመለሰው ወደ አባቱ ገብስ ነው፤ የሚጋልባት ብስክሌት የሐጂ እንጂ የሱ አይደለችማ።

የመጀመሪያው ውድድር ከጠዳ ተነሥቶ ፒያሳ የሚያልቅ ነበር። ሐጂ ከሱቃቸው ደጃፍ ወንበር አስደርድረው፣ ዘመድ አዝማድ ሰብስበው ስማቸው ሲያልፍ ለማየት ተቀመጡ። ቢያዝን ብቻውን ከፊት ወጥቶ ሽው አለ።

«አለፈ እንዴ?» አሉ ሐጂ።

«አለፈ እኮ ባባ! አንደኛ ነው!» አለች ልጃቸው ፈህሚያ። ፈህሚያ ማርኬቲንግ ተምራ በማዕረግ የተመረቀች ናት።

«ጀርባው ምን ይላል?»

«‹ሐጂ› ይላል።»

«ሐጂ ማን?»

«እሱን ሳላነብ ታጠፈ።»

«ያ ረቢ! ጎንደር ውስጥ ስንት ሐጂ አለ! እኔ ታዲያ ለየትኛው ሐጂ ነው የደገስኩ?»

በዚህ ንዴት ላይ ሳሉ፣ ሁሉም ከገባ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ገብረ ኪዳን ብቅ አለ። ገብረ ኪዳን ከዱቄቱ ዘመን የተረፈ፣ የዱቄቱም ውለታ ከሰውነቱ ያልጠፋ አንጋፋ ብስክሌተኛ ነው። ዳገቱን ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ይወጣዋል። ሰው ሁሉ አዘነለት፤ ሴቶቹ «አይዞህ የኔ ጌታ!» እያሉ ተከተሉት። የሰፈር ልጆች ጀርባውን እየቆጠሩ ያነቡ ጀመር፤ መቀመጫው ላይ ሲደርሱ ባንድ ድምፅ «ዱቤ የለም!» ብለው አራዳን አናጉት። ሳይመሽ የሐጂ ሱቅ በገዢ ተጨናነቀ።

በማግስቱ ስብሰባ ተቀመጡ።

«ባባ፣ ጽሑፉን እናሳጥረው» አለች ፈህሚያ።

«የቱን ልቁረጥልሽ? የአባቴን ስም ነው?»

«አይ፣ ዱቤ የለም የሚለውን።»

«እሱ ከወጣማ ከተማው በሙሉ በዱቤ ነው የሚተኛብን፣ ወላሂ!»

አቶ ሙሉቀን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጽሑፉ የማይቀነስ ከሆነ፣ ፍጥነቱን መቀነስ ይቻላል» አሉ። እንዲህ ያለ ሐሳብ በአንድ ሰው ጭንቅላት በዘመን አንዴ ነው የሚገባ። ሐጂ ተነሥተው ግንባራቸውን ሳሟቸው።

መመሪያው ወጣ። አቶ ሙሉቀንም ልጆቹን ሰብስበው ንግግር አደረጉ፦ «ፍጥነት የግለሰብ ዝና ነው፤ መዘግየት ግን ተቋማዊ አቅም ነው! ቀድመን ስንሄድ ማን ያየናል? ከኋላችን ያሉት ተወዳዳሪዎች ብቻ። እነሱ ደግሞ ፍራሽ አይገዙም። ስለዚህ ከታይነት አንጻር፣ ባለን አቅም ሁሉ ወደኋላ መገስገስ ይጠበቅብናል!» ተጨበጨበ። ገብረ ኪዳን አምበል ሆኖ ተሾመ። አምበሉን ያለፈ ብስክሌቱን ያስረክባል ተባለ።

ቢያዝን ከመሐል እጁን አነሣ። «አያ ሙሉቀን፣ መራጮቹሳ?»

«የምን መራጮች?»

«የሻምፒዮናው ነዋ። ኋላ የቀረ እኮ አይመረጥም።»

«አንተ ልጅ፣ ለራስህ ነው ለቡድኑ የምታስብ?»

ልምምዱ ከባድ ነበር። ጠዳ ሜዳ ላይ ፍሬን ይዞ ፔዳል መምታት፣ ሳይወድቁ አንድ ቦታ ላይ መንቀጥቀጥ፣ ገበያ የሚሄድ አህያ ሲመጣ መንገድ ለቅቆ ማሳለፍ። አህያዋ ስታልፋቸው አቶ ሙሉቀን ከጃንጥላቸው ሥር «ግሩም! ግሩም!» ይላሉ። ቢያዝን ወገቡ ተቆረጠ፤ ሮጦ ደክሞት የማያውቅ ልጅ በመቆም ደከመው። ጎህ ሲቀድ ግን ተደብቆ የወለቃን ዳገት ብቻውን እንደ ጉድ ይወጣው ነበር። ገብረ ኪዳን ያውቃል፤ አልተናገረም። «በማርያም፣ ሹመቱን እኔ አልጠየቅኋቸውም» ይለው ነበር አንዳንዴ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ።

ቡድኑ በየውድድሩ በአስተማማኝ ሁኔታ የመጨረሻ ሆነ። ከተማው ለመደው፤ ሰው ቀዳሚዎቹን ትቶ ምሳውን በልቶ፣ ተኝቶ ተነሥቶ፣ የመጨረሻዎቹን ለማየት አመሻሽ ላይ ይወጣ ጀመር። ይህ ሁሉ ክብር ለሐጂ ብቻ ሲሆን የመጋረጃ ነጋዴዋ ወይዘሮ ታየች እንዴት ዝም ይበሉ? እሳቸውም ቡድን አቋቋሙ፤ ከጀርባ አልፎ እጅጌ ላይ የሚዞር ጽሑፍ አስጻፉ። ልጆቻቸውንም «ከፍራሾቹ የቀደመ ዓይኔን እንዳያይ!» ብለው አስማሏቸው።

የደባርቁ ቀን ደረሰ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ባንዲራው ወረደ፤ ሌሎቹ ቡድኖች በረሩ። ፍራሾቹና መጋረጃዎቹ መነሻው መስመር ላይ እንደቆሙ ቀሩ።

«ቅደሙ እንጂ!» አለ የመጋረጃው አምበል።

«ኧረ በፍጹም! እናንተ እያላችሁ?» አለ ገብረ ኪዳን።

«በሞቴ!»

«አፈር ስሆን!»

«ኧረ በሥላሴ፣ እናንተ ታላቅ ናችሁ!»

አያ አወቀ የሚባሉ የደባርቅ ሽማግሌ በዚያ ሲያልፉ ቆመው አዩና እንባቸው መጣ። «እሰይ! እንዲህ ያለ ሸጋ ልጅ አለ ለካ! የኛ ሰፈርማ ወፍጮ ቤት ተራ ሲነጣጠቅ ነው የሚውል።» እንዲህ ያለ ጨዋነት ሳይሸመገል መቅረት የለበትም ብለው መሐል ገቡ። «ልጆቼ፣ በቃ እኩል ሂዱ።»

«እኩል ከሄድንማ ማን ሊቀር ነው?» አሉ ሁለቱም ባንድ ቃል።

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «መቅረት ነው እንዴ የፈለጋችሁ? መቅረት ከሆነ ምነው ቤታችሁ አልቀራችሁ?»

ቢያዝን ይህን ሰማ። የዓመት ልፋቱ፣ የጎህ ዳገቱ፣ ሁሉ እዚህ መስመር ላይ ቆሞ ሲቀር ታየው። ማልያውን አወለቀና ገልብጦ ለበሰው። የሐጂ ስም በፍጥነት እንዳይሄድ ታዟል፤ አይሄድም። «አያ ገብረ ኪዳን፣ ይቅር በለኝ። ላልፍህ ነው።»

ገብረ ኪዳን ፊቱን ወደ ስሜን ተራሮች አዞረ። «እኔ ምንም አላየሁም። በል ቶሎ በል፣ እግዜር ይከተልህ!»

ሄደ። ዳባትን ሲያልፍ ዘመዶቹ እንኳ አላወቁትም። አምባ ጊዮርጊስ ላይ የኋለኞቹን ደረሰባቸው፤ ኮሶዬ ላይ መሐለኞቹን ጥሎ አለፈ። ወለቃ ቁልቁለት ላይ፣ ሸክላ ሻጮቹ ደጃፍ፣ አንደኛ የነበረውን የባሕር ዳር ልጅ ቀደመው። ፒያሳ አንደኛ ገባ!

ፒያሳ ላይ ማንም አልነበረም። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ምሳ ላይ ነው። መራጭ ኮሚቴውም የጎንደርን መዘግየት በዝና ሰምቶ ስለነበር ጥሬ ሥጋውን አጣድፎ መብላት አላስፈለገውም። ኮሚቴው ብቅ ሲል አመሻሽ ሆኗል፤ አደባባዩ በሰው ተሞልቷል፤ እልልታው ቀልጧል፤ ገብረ ኪዳንም እያለከለከ ይገባል። ሰብሳቢው እንዲህ ያለ አቀባበል የተደረገለት አንደኛ ካልሆነ ሌላ ማን ሊሆን ነው ብለው መረጡት። ፈረሙም።

ቢያዝን እየተጋፋ ቀረበ። «ጌታዬ፣ አንደኛ የገባሁ እኔ ነኝ!»

«እኛ አላየንህም።»

«ቀድሜ ስለገባሁ እኮ ነው ያላያችሁኝ!»

«ታዲያ ያልታየ እንዴት ይመረጣል? ምነው እኛ ስንመጣ እንደ ሰው ብትመጣ? ደግሞስ ቁጥርህ የታለ?»

ቁጥሩ ከተገለበጠው ማልያ ውስጥ ነው። አውልቆ ገልብጦ አሳያቸው። አደባባዩ ላይ ከተዘጋጀላቸው የክብር ወንበር ላይ ሆነው ሐጂ የገዛ ስማቸውን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። «አምበልህን አልፈህ ነው የመጣህ?» አሉት። ብስክሌቱን እዚያው ተረከቡት። ቢያዝን በሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ዳባት ሲመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀሰ። ምን ያድርግ? አሸንፎ የተባረረ ሰው ለማን አቤት ይላል?

በዚያ ቀን ቢያዝንን በደንብ ያየው የተሸነፈው ብቻ ነበር። የባሕር ዳሩ ልጅ ለአሠልጣኙ «ማልያውን የገለበጠ አንድ ጉድ ወለቃ ላይ ጥሎኝ አለፈ» ብሎ ነገረው። አሠልጣኙ በሳምንቱ ብስክሌት ጭኖ ዳባት ገባ። የባሕር ዳሩ ቡድን ደግሞ ለሻምፒዮናው የራሱ ኮታ ነበረው።

በሻምፒዮናው ቀን ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ከፍራሽ ቁልል ላይ አስቀምጠው ደንበኛ ሁሉ ጠሩ። ገብረ ኪዳን አደራውን እንደሚወጣ ጥርጥር አልነበራቸውም፤ መነሻው ላይ ገና ኋላ ቀርቷል። ካሜራው ግን የመጀመሪያውን ብስክሌተኛ ጀርባ ይዞ ሙጭጭ አለ። ጀርባው ላይ የሳሙና ማስታወቂያ አለ፤ አንዲት ፊደል ብቻ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ የምትደርስ፦ «ፏ»።

«ይኸ ልጅ ማነው?» አሉ ሐጂ።

«ቢያዝን ነው ባባ» አለች ፈህሚያ፣ ቀስ ብላ።

«የኛውስ የታለ?»

«ኋላ ነው።»

«እኮ ኋላ ከሆነ ምነው አያሳዩትም? የሚታይ የኋላው አይደለም እንዴ?»

ሁሉም ወደ አቶ ሙሉቀን ዞረ። አቶ ሙሉቀን ፍራሽ ይዳስሱ ነበር። ገብረ ኪዳንን ኋላ የቀሩትን እየለቀመ መንገድ የሚያስከፍተው መኪና ገና በጊዜ አንሥቶት፣ በመስኮት እያየ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በፍጥነት እየሄደ ነበር ይባላል። ቴሌቪዥኑ ግን ከጧት እስከ ቀትር «ፏ» ሲል ዋለ፤ ሁለት ደንበኞችም ሳሙና ለመግዛት ተነሥተው ወጡ።

«ያንን የዳባት ልጅ ጥሩልኝ!» ብለው ጮኹ ሐጂ። «ይምጣልኝ! የፈለገውን እሰጠዋለሁ!»

አቶ ሙሉቀን ዳባት ወጥተው ቢያዝንን ለበዓል አባቱ ቤት መጥቶ አገኙት። ስለ ይቅርታ፣ ስለ ተቋማዊ መግባባትና ስለ አዲሱ የፍጥነት መመሪያ ረጅም ንግግር አደረጉለት። ቢያዝን ጠላውን እየጠጣ እስኪጨርሱ ሰማቸው።

«ሐጂን አከብራቸዋለሁ። እመጣለሁ ብላችሁ ንገሩልኝ።»

«ተመስገን! መቼ ትደርሳለህ?»

«እንዳስተማራችሁኝ ነው የምመጣ፣ አያ ሙሉቀን። ፍሬን ይዤ።»

ይኸው እስከ ዛሬ ሐጂ ከሱቃቸው ደጃፍ ወንበር አውጥተው በወለቃ በኩል ያለውን መንገድ ያያሉ። ልጁ ዘገየ ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ፣ አቶ ሙሉቀን ጉሮሯቸውን ይጠርጉና በመመሪያው መሠረት እየመጣ ነው ይላሉ።