በኦቦ ገመቹ ፊት የጨሰው ቴስተር

ወገኖቼ፣ ዛሬ ጠዋት ሱሉልታ ላይ ጭስ ያያችሁ ካላችሁ፣ የማንም ኩሽና አይደለም። እኔ ነኝ!

ማለቴ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሬ ነው። ልዩነቱ ግን ብዙም አይደለም።

በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ። መምህር ነኝ፤ ሳላስረዳ መዋረድ እንኳን አልችልም።

አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን አንዲት ላብ፣ ማለትም ቤተ ሙከራ፣ አለችው። ጠባብ ናት፣ ጣሪያዋ ያፈሳል፣ ግን የእኛ ናት። የወላጅ ኮሚቴው ደግሞ የወንበር መጋዘን ሊያደርጋት አስቧል። "ልጆቹ እዚያ ገብተው ምን እንደሚማሩ እንይና እንወስናለን" ተባለ።

ዛሬ ሊያዩ የመጡት የኮሚቴው ሰብሳቢ ኦቦ ገመቹ ናቸው። የተከበሩ ገበሬ ናቸው፤ እሳቸው "አይሆንም" ያሉት ነገር ሲሆን አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ ተዘጋጀሁ! የባጃጅ ባትሪ፣ የባጃጅ የፊት መብራት አምፖልና ውዱ ቴስተሬ ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ።

ነገሩ ቀላል ነው። ከረንቱን ትለካላችሁ፣ ቮልቴጁን ትለካላችሁ። ቮልቴጁን ለከረንቱ ስታካፍሉ ሬዚስታንስ ታገኛላችሁ፤ በከረንቱ ስታባዙት ፓወር ታገኛላችሁ። ሽሮ ከመሥራት ይቀላል።

ከረንቱን ለካን፤ ሦስት አምፒር። ሰሌዳው ላይ አሳምሬ ጻፍኩት።

አሁን ልብ በሉ። ከረንት የለካ ቴስተር ወደ ቮልቴጅ ከመሄዱ በፊት ቀዩ ገመድ ከአምፒር ቀዳዳ ተነቅሎ ቮልት ቀዳዳ ላይ መሰካት አለበት። "ገመዱን ሳትቀይሩ ባትሪ አትንኩ!" እያልኩ ተማሪዎቼን አሰልችቻቸዋለሁ። ዜማ ሁሉ አውጥተውለታል።

ገመዱን ልነቅል እጄን ስዘረጋ ኦቦ ገመቹ ገቡ።

እኛ ጋ ሽማግሌ ሲገባ ገመድ አይነቀልም። ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጅ፣ ሰላም ይባላል።

"አካም ጅርታ፣ በርሲሳ?" አሉኝ፤ እንደምን አለህ፣ መምህር?

"ነጋ፣ ገለቶማ!" አልኩ፤ ደህና፣ አመሰግናለሁ።

"ማቲን ነጋ?" ስለ ቤተሰቤ መጠየቃቸው ነው።

"ነጋ!" ላጤ ነኝ።

"ሎን ነጋ?" አሁን ደግሞ ስለ ከብቶቼ።

"ነጋ!" ከብት? እኔ ድመት እንኳን የለኝም! ግን ሰላምታ መሀል ላይ አይቆረጥም።

ሰላምታው ሲያልቅ የእኔም ሐሳብ አብሮ አለቀ። ደረቴን ነፍቼ "አሁን ደግሞ ቮልቴጁን እንለካለን!" አልኩና ሁለቱን ጫፎች ባትሪው ላይ አሳረፍኩ።

ጧ!

ብልጭታ። ጭስ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። ቴስተሬ ዐይኑን ጨፈነ።

ከኋላ ወንበር በዜማ መጣልኝ፦ "ገመዱን ሳትቀይሩ ባትሪ አትንኩ!"

ኦቦ ገመቹ ጭሱን በእጃቸው እያባረሩ "የምትማሩት ይሄንን ነው?" አሉ።

ላቧ በወንበር ተሞልታ ታየችኝ።

ጫልቱ ተነሣች። ጫልቱ ማለት ለግማሽ ማርክ ቢሮ ድረስ ተከትላኝ የምትከራከር ተማሪዬ ናት።

"ቲቸር፣ አምፖሉ ላይ እኮ ተጽፏል። ዐሥራ ሁለት ቮልት፣ ሠላሳ ስድስት ዋት።"

ሠላሳ ስድስትን ለዐሥራ ሁለት አካፈለች፤ ሦስት አምፒር። ከለካነው ጋር ግጥም! ዐሥራ ሁለትን ለሦስት አካፈለች፤ አራት ኦም።

ቴስተር አላስፈለጋትም። እኔም አላስፈለግኋትም።

ከዚያ ወደ ኦቦ ገመቹ ዞራ በኦሮምኛ ታስረዳቸው ጀመር። አምፖሉ ጠባብ የበረት በር ነው አለቻቸው፤ ከብቱ በሩን እየታከከ በግድ ያልፋል፣ መታከኩ ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ ያበራዋል። አምፒር ላይ የተሰካ ቴስተር ግን አጥሩ የፈረሰ በረት ነው፤ ሬዚስታንስ የለውም ማለት ይቻላል። ከብቱ ሁሉ ባንዴ ግር ብሎ ይወጣና ያገኘውን ይረግጣል።

እኔ ሳስተምር በረት የሚባል ነገር አላነሣሁም! ከራሷ ነው ያመጣችው! እዚያ ጭስ ውስጥ ቆሜ እንባዬ መጣ። (ጭሱ ነው።)

ኦቦ ገመቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እህ! ታዲያ አጥሩን ያፈረሰው ማነው?"

ክፍሉ በሙሉ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

ያለ ምንም ማመንታት! አንድም የራራልኝ የለም!

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ዱላቸውን አነሡና "ልጆቹ ገብቷቸዋል። ወንበሩን ዝናብ ይምታው፤ ይቺ ክፍል አትነካም" ብለው ወጡ።

ላቧ ተረፈች! ቴስተሬን ነፍስ ይማር።

እውነቱን ልንገራችሁ? በሽማግሌ ፊት፣ በገዛ ተማሪዎቹ ጣት ተጠቁሞ እንደ እኔ ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ የሄደ መምህር ያለ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ሁሉም ገመዱን እያዩ ነበር። ታዲያ "ቲቸር፣ ገመዱ!" የሚል አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

ጫልቱን ጠየቅኋት።

"ውይ ቲቸር፣ መምህር በሽማግሌ ፊት ይታረማል እንዴ? ነውር አይደል?"

እሺ፣ ነውር ይሁን። ከጨሰ በኋላ ሠላሳ ጣት መቀሰርስ?