እትዬ ዘይቱና ባትሪ ሲገዙ

በየከተማው ዋጋ ሰምቶ ዝም ማለት የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሲርበው ይበላል፣ ሲደክመው ይተኛል፤ ይህ ሰው ግን ዋጋ ሰምቶ ካላስቀነሰ ያመዋል። ሚዛን ከተማ ውስጥ ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት ወይዘሮ ዘይቱና ናቸው። የሾማቸው መንግሥት አይደለም። ገና ከሩቅ ሲያዩአቸው ሥራ የበዛባቸው የሚመስሉ፣ ጀርባቸውን አዙረው መደርደሪያ መጥረግ የሚጀምሩ ነጋዴዎች ናቸው የሾሟቸው።

«እሺ፣ ተሳሳቅን። አሁን ዋጋውን ንገረኝ።» ሰላምታቸው ይሄ ነው።

ቴፒ ሲሄዱ ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቃቸው፣ «እኔ ቀጭን ነኝ፤ የወንበሩን ሩብ ነው የያዝኩት። የቀረውን ይቺ እህቴ ተቀምጣበታለች፣ ከሷ ተቀበል» ብለዋል። አንድ ልብስ ሻጭ «ዋጋ አይቀነስም» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ሲያሳያቸው ደግሞ፣ አስነብበው ሰሙና ለጸሐፊው ስንት እንደከፈለ ጠየቁት። ሠላሳ ብር አላቸው። «ሁለት ቃል በሠላሳ ብር? ተበልተሃል ልጄ!» ሰውየው በማግስቱ ጽሑፉን አወረደው።

አንድ ጊዜ ታመው ስድስት መርፌ ታዘዘላቸው። አራት አሉ። ነርሷ አንድም አልቀነሰችም። በኋላ ድነው ሲወጡ፣ «ያቺ ልጅ ያለቦታዋ ነው የተቀመጠችው፤ ነጋዴ ይወጣት ነበር» ብለው አደነቋት።

ጎረቤታቸው ሲሞን የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። የወንዝ ዳር ልጅ ነው፤ አሁን በሸዋ ቤንች መንገድ ባለው የቡና ማጠቢያ ፓምፕ ያንቀሳቅሳል። ውሃ አይፈራም። ሱቅ ይፈራል። ባለሱቅ ዓይን ዓይኑን ካየው የተጠየቀውን ከፍሎ ይወጣል፣ መልስ ካለውም ሳይቀበል። አንድ ቀን ጫማ ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ ሁለቱም የግራ እግር ሆነው አገኛቸው። ለመመለስ አፈረ። ሳምንት ሙሉ እያነከሰ ሲሄድ ዘይቱና አዩትና ማሉ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ልጅ ክብሪት እንኳ ብቻውን አይገዛም!»

እንግዲህ በሁለት ሺህ አንድ ኅዳር፣ እሸት ቡናው ከየጫካው በሚጎርፍበት ሰሞን፣ ፓምፑ ውሃ መሳብ አቆመ። የቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ወንፊት፣ ውሃው በሚሳብበት ኩሬ ወለል ላይ በሆነ ነገር ተይዟል። ቱቦውን ቢጎትቱት አልመጣም። ሲሞን ጠዋት ትንፋሹን ይዞ ጠለቀ፤ ግን ኩሬው የሰው ቁመት ሁለት እጥፍ ይሆናል፣ ውሃውም ከታች ድቅድቅ ጨለማ ነው። በዳበሳ ያገኘው ነገር ቢኖር መዳፉን የቧጨረው ሽቦ ብቻ ነበር።

ማጠቢያው በር ላይ ቡና ያመጡት ገበሬዎች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል። እሸት ቡና በዕለቱ ካልተፈለፈለ ይግላል፣ ይኮመጥጣል። የሰው ሁሉ ድካም በአንድ ቀን ይበላሻል። ኃላፊዋ ማህደር ለሲሞን መቶ ሃምሳ ብር ሰጠችውና፣ «ውሃ ውስጥ የሚበራ ባትሪ ፈልግ። ያለን ይሄው ነው። ቶሎ ና» አለችው።

ቶሎ ለመምጣትማ ሲሞን ብቻውን መሄድ ነበረበት። ግን በዘይቱና በር ሳያልፉ ገበያ አይገባም። ወሬውን ሰሙና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ባለሱቁ በድሩ ሲያያቸው ወደ መደርደሪያው ዞረ።

«በድሩ፣ አየሁህ። ዙር።»

«እትዬ ዘይቱና! እኔኮ አላየሁዎትም።»

«እሺ፣ ተሳሳቅን። ውሃ የማይገባው ባትሪ አምጣ።»

በድሩ አንድ የብረት ባትሪ አወጣ። «ይሄ ዝናብም አይበግረው።» ዘይቱና ባትሪውን ተቀብለው አበሩት። በሩ አጠገብ የሚገኘው የእጅ መታጠቢያ ባልዲ ውስጥ እንደበራ ከተቱት። ባትሪው አንዴ ጭልጭል አለና ጠፋ።

«እትዬ! ዕቃዬን ገደሉት!»

«እኔ ገደልኩት? ሞቶ ነው የቆየኝ። ድንጋዩን አውጥተህ ጸሐይ ላይ አስጣው፣ ይነሣል። ቀጥል።»

ሁለተኛው ቻርጅ የሚደረግ፣ ሠላሳ ትንንሽ አምፖል ያለው ትልቅ ባትሪ ነበር። እሱ እንኳን መብራቱ አልጠፋም። መስታወቱ ውስጥ ግን ውሃው ግማሽ ድረስ ሞላ። «ዓሣ ብትጨምርበት ያድግልሃል» አሉ ዘይቱና። ሲሞን መሬት ብትውጠው ወደደ። የበድሩን ዓይን ላለማየት ጣሪያውን ያይ ጀመር።

በድሩ መሰላል ላይ ወጣና አቧራ የጠጡ ሁለት ካርቶኖች አወረደ። ከመርካቶ ጭነት ጋር በስህተት የመጡ ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠየቃቸው የለም። ካርቶኑ ላይ መነጽር ያጠለቀ፣ እግሩ እንደ ዳክዬ የሆነ ፈረንጅ ከዓሣ ጋር ይዋኛል። ባትሪው ቢጫ ነው፤ እጅ ላይ የሚታሰር ማንጠልጠያ አለው፤ ክዳኑ ሥር ደግሞ ውሃ የሚከለክል የላስቲክ ቀለበት። አንደኛው የተከፈተ ነበር። ባልዲው ውስጥ ቆየ፣ ቆየ፣ አልጠፋም። ሲያወጡት መስታወቱ ላይ አንዲት ጠብታ ብቻ ከውስጥ ታየች።

«እውነቱን ልንገርዎት» አለ በድሩ፣ «የዚህኛው ላስቲክ ትንሽ ተሰንጥቋል። በመቶ ሃምሳ ውሰዱት። ያልተከፈተው ሁለት መቶ አርባ ነው።»

ሲሞን ደስ አለው። ልክ በእጁ ያለው ብር! እንደውም ደፈር አለና፣ «ይሄ ይበቃል እትዬ። አንዲት ጠብታ ምን ታደርጋለች?» አለ። ዘይቱና ዕድሜያቸውን ሙሉ የገዙት እንዲህ ያለ ዕቃ ነው፤ ጆሮው የተሰበረ ስኒ፣ ዘንጉ የታጠፈ ጃንጥላ፣ በጉድለቱ ምክንያት ዋጋው የወደቀ ነገር ሁሉ።

ዘይቱና የተከፈተውን ባትሪ አገላበጡ። ጠብታዋን አዩ። ከዚያ የሲሞንን የተቧጨረ መዳፍ አዩ።

«ያልተከፈተውን ስጠው» አሉ።

«ሁለት መቶ አርባ ነው እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

ዘይቱና የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ከራሳቸው ዘጠና ብር ጨመሩ። በድሩ ብሩን ይዞ ደነገጠ። «እትዬ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለ። ከዚያም ፍርሃቱ ስለባሰበት፣ «ኧረ ሁለት መቶ ሃያ ይሁንልዎ!» አለ።

«ማን ቀንስ አለህ?» ጮኹበት። «ደግሞ ይሄን ወሬ ለሰው ብታወራ!»

ኩሬው ጋ ሲደርሱ ሲሞን ባትሪውን እጁ ላይ አሰረ፣ ገመድ ወገቡ ላይ። የገመዱን ጫፍ ማህደር ልትይዝ ስትል ዘይቱና ነጠቋት።

«ስንት ትቆያለህ?»

«እስከ መቶ እስኪቆጥሩ።»

«መቶ? ሃምሳ!»

«እትዬ፣ ሃምሳ ላይ ገና ወንፊቱ ጋ ነው የምደርሰው።»

«ሃምሳ አምስት። የመጨረሻ።»

ሲሞን በሕይወቱ ከማንም ጋር ተከራክሮ አያውቅም። አሁን ግን የውሃ ነገር ነው፤ ውሃ ላይ ደግሞ አያፍርም። «ሰማንያ» አለ።

«ስድሳ!»

«ሰባ። ከዚህ አልወርድም።»

ዘይቱና አፋቸውን ከፍተው አዩት። «እሺ፣ ሰባ» አሉ ቀስ ብለው።

ከታች ባትሪው ቡናማውን ውሃ ሰንጥቆ አሳየው። የአሮጌ አጥር ሽቦ ከጆንያ ቁራጭ ጋር ወንፊቱ ላይ ተጠምጥሟል። የሚይዝበትን ጫፍ አየና አንድ ዙር ፈታ፣ ሁለተኛውን ፈታ። ሦስተኛው ሲለቅለት ወዲያው ገመዱ ወገቡን መነጨቀው። እሱም ሳብ አደረገ፤ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ለማለት። ገመዱ ጭራሽ ባሰበት። ሽቦውን እንደያዘ እንደ ዓሣ ተጎትቶ ወጣ።

ፓምፑ ሁለት ጊዜ አሳለና ውሃውን ወደ መፈልፈያው ላከ። ገበሬዎቹ ጆንያቸውን እየተሸከሙ ተሯሯጡ። ሲሞን ዳር ላይ ተቀምጦ ያለከልካል፤ ዘይቱና ገመዱን አሁንም በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

«ስንት ደርሰው ነበር እትዬ?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ሰባ ተስማምተን አልነበር?»

«ተስማምተን ነበር» አሉ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። «ሠላሳ ስምንት ላይ አላስቻለኝም።»

ከመቶ የተጀመረ ነገር ሠላሳ ስምንት ላይ አለቀ። እንዲህ ያለ ቅናሽ ከበድሩም ሆነ ከማንም ነጋዴ አግኝተው አያውቁም። ሲሞን ሽቦውን መሬት ላይ ጣለና ሳቀ።

«ይሁን እትዬ» አለ፣ «በቅቶኛል።»