አያ ተሰማ ሞተር ሲመርጡ

«ሐሳብ ላይ የማይጥለኝ ሞተር ሳይክል እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ ያውም ጣሊያን በወጣ ሰሞን፣ በጎንደር ከተማ።

የቁስቋም ጎረቤታችን አያ ተሰማ በቅሏቸው አረጀችባቸውና ሞተር ሊገዙ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ይዘውኝ ሄዱ። አዋቂው እኔ መሆኔ ነው፤ አንድ ቀን ከሰው ኋላ ተፈናጥጬ አዘዞ ደርሻለሁና!

አያ ተሰማ ሞተሩን እንደ በቅሎ ዞረው አዩት፤ ጎማውን ዳበሱት። ጆሮ ሲያጡበት ግን ቅር አላቸው።

«የጥምቀት ከበሮ ሲሰማ ይደነብራል?»

«ኧረ አይደነብርም» አሉ ሐጂ።

«ይታመማል?»

«ዘይቱን አይርሱበት እንጂ፣ ለልጅ ልጅዎም ይተርፋል።»

«ከማክሰኝት ገበያ ስመለስ እንቅልፍ ቢያሸልበኝስ፣ ቤቴ ያደርሰኛል?»

ሐጂ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። አያ ተሰማ ግን አልሳቁም።

«ታዲያ ምኑን ነው ከሐሳብ የሚያሳርፈኝ?» አሉና ወጡ። ደጅ ታስራ የቆየችውን በቅሏቸውን ፈቱ፤ እንዳይከብዷት ሳይቀመጡባት፣ ጎን ለጎን በእግር ወደ ቁስቋም አዘገሙ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሞተር ገዝቻለሁ፤ ሦስቱም ሸጋ ነበሩ። በቀደም ከማክሰኝት ስመለስ ግን ዓይኔ አልገለጥ አለኝና ሞተሩን መንገድ ዳር አቁሜ፣ ያቺን በቅሎ ናፈቅኋት።