የግራር ውሃ ጥሩምባ

ሮብ ዕለት፣ የምርጫ ቅስቀሳው በሚያበቃበት ቀን፣ ለክልሉ ምክር ቤት የሚወዳደረው ምትኩ ዘገየ ደጋፊዎቹን ሊያሰባስብ ተወልዶ ወዳደገባት ወደ ግራር ውሃ መጣ። ከማግስቱ ጀምሮ ሕጉ አራት ቀን ዝም በል ይለዋል፤ ሰኞ የሚናገረው ሕዝቡ ነው። የምርጫ ክልሉ ሌሎች ቀበሌዎች እኩል ለእኩል ተከፍለው ስለነበር ሚዛኑን የምትደፋው ይህቺው ትንሽ ከተማ ነበረች። የፓርቲው ሰዎችም አስቀድመው፣ «የገዛ አገርህን ሰው ከቤቱ ማውጣት ካቃተህ እንግዲህ ምን እንልሃለን» ብለውታል።

የምርጫ ምልክቱ ጆሮ ነበር። የመረጠው ራሱ ነው፤ ሕዝብን የሚሰማ ሰው ነኝ ለማለት። ከዞኑ ከተማ በሁለት ሚኒባስ የመጡት ሠላሳ ወጣቶች ደረታቸው ላይ የሳህን ያህል ጆሮ የታተመበት ካናቴራ ለብሰዋል። ሞንታርቦው ግን የሚሠራው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በተሳበ ገመድ ነበርና አራት ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ እሱም ጸጥ አለ። ጆሮ ሞልቶ አፍ ጠፋ። አምስት ሰዓት ሲሆን ሜዳው ላይ ከወጣቶቹ፣ ከሁለት ውሾችና ከአንዲት ቆሎ ሻጭ በቀር ማንም አልነበረም። ቆሎ ሻጯም ብትሆን ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ቦታዋ ስለሆነ ነው።

ምትኩ መኪናው ጥላ ሥር ቆሞ ባዶውን ሜዳ ሲያይ የድሮው ጊዜ ትዝ አለው። ያኔ፣ እሱ ጎረምሳ ሳለ፣ ይህችን ከተማ ከቤቷ ለማውጣት ገመድም መብራትም አያስፈልግም ነበር። ጋሽ ዳምጤ ይበቁ ነበር። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ዳምጤ ጎህ ሲቀድ ኮረብታዋ ላይ ቆመው ይነፋሉ፤ ለልጅ አንድ አጭር፣ ለጎልማሳ ሁለት፣ ለሽማግሌ ሦስት ረጃጅም። ከዚያ በሮች ሁሉ ይከፈታሉ። ድንኳኑን የሚሸከም፣ ምሰሶውን የሚያቆም፣ ድስቱን የሚያመጣ፣ ሁሉም ድርሻውን ያውቃል። ሁለት አግዳሚ በሁለት ትከሻው ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ሐዘን ቤት የሚደርሰው ምትኩ ነበር። ጋሽ ዳምጤም ይህን አይተው መንፋቱን ያስተማሩት እሱን ብቻ ነው። «ከጉንጭህ አታውጣው፤ ከሆድህ አውጣው። የምትነፋለትን ሰው ካላሰብከው የምትነፋው ቆርቆሮ ነው» ይሉት ነበር።

ያ ዘመን እንዴት ያለ ዘመን ነበር፤ ድሃ ነበሩ፣ ግን ማንም ብቻውን አላለቀሰም። ምትኩ ይህን ሲያስብ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ለሾፌሩ ለኤፍሬም «መጣሁ» ብሎ በእግሩ ወደ እድሩ ቤት ሄደ። ጋሽ ዳምጤን ያገኝ እንደሆነ፣ እሳቸው አንዴ ቢለፍፉለት፣ ሰው ይወጣለት ይሆናል።

«ማን ልበል?» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቢተው። ከሩቅ እንዳወቁት ፊታቸው ይናገር ነበር።

«ምትኩ ነኝ፣ ጋሽ ቢተው። የዘገየ ልጅ።»

«አሃ። ግባ፣ ግባ። የዘገየም ቢሆን ይገባል።»

ወንበር ሳቡለት። ምትኩ ጤናቸውን፣ ቤተሰቡን፣ ዝናቡን ጠየቀና ወደ ጉዳዩ ገባ። «ጋሽ ዳምጤን ፈልጌ ነበር።»

ጋሽ ቢተው ምርኩዛቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ። «ዳምጤማ ካረፈ ሦስት ዓመቱ እኮ ነው።»

«ምነው ሳይነገረኝ?» አለ ምትኩ።

«ቢሮህ ደወልን። ስብሰባ ላይ ነው አሉን። በማግስቱም ደወልን፤ ስብሰባው አላለቀም ነበር።» ይህን ሲሉ ቂም አልነበረባቸውም፤ ቂም ቢኖርባቸው ለምትኩ ይቀለው ነበር።

«ማን ነፋላቸው ታዲያ?»

«ማን ይነፋል? የሚችል አንድ ሰው ነበር፣ እሱም አልነበረም። ቤት ለቤት እየዞርን ተናገርን። ሰውን ሁሉ ሲጠራ የኖረ ሰው ሳይጠራለት ሄደ።» ወደ ግድግዳው አመለከቱ። ጥሩምባው ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ አቧራ ለብሶ አፉ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። «ከዚያ ወዲህ በስልክ ነው የምንላላከው። መልእክቱ ይደርሳል፤ ሰዉ ግን አይደርስም።»

«ሌላ ሰው መተካት ነበራ።»

«ደንቡን ታውቀው የለ፣ ልጄ። ጥሩምባ ነፊ ከሚጠራው ሰው ጋር ማደር አለበት። ደህና ደህናው ሰው ደግሞ እዚህ አያድርም። መምህርት ጽጌን ወደድናት፣ መረጥናት፣ ሄደች። የከብት ሐኪሙን ወደድነው፣ መረጥነው፣ ሄደ፤ ላሞቻችን እስከ ዛሬ በሩን በሩን ያያሉ። ይህን አገር ከበሽታ ይልቅ ሰው ያሳጣው ምርጫ ነው።»

ምትኩ ሳቀ። እጩ በሽማግሌ ቀልድ መሳቅ አለበት። ከዚያ ዓይኑ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። «ልያት?»

«እያት። ያንተም ነበረች።»

ጥሩምባውን አውርዶ በእጅጌው ጠረገና ወደ ደጅ ወጣ። ኮረብታዋ ከእድሩ ቤት ጀርባ ናት። ሕዝቡን ለስብሰባ ልጥራ ብሎ እንደሆነ ወይስ እጁ ናፍቆት እንደሆነ በኋላ ራሱም መለየት አልቻለም። ጥሩምባውን አፉ ላይ ሲያደርግ ግን ያሰበው ሜዳውን አልነበረም፤ ካኪ ካፖርታቸውን ለብሰው እዚያው ድንጋይ ላይ የሚቆሙትን ጋሽ ዳምጤን ነበር። ትንፋሹም ከሆዱ ወጣ። አንድ ረጅም። ሁለት ረጅም። ሦስት ረጅም።

ጋሽ ቢተው አልከለከሉትም። ሁለተኛው ሳያበቃ ጥቁር ካባቸውን ደርበው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር።

ግራር ውሃ ያን ድምፅ ሦስት ዓመት አልሰማችውም። ልብስ ሰፊው መኪናውን ጥሎ ወጣ፤ ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ጢሙን የተላጨ ደንበኛ አስከትሎ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ድንኳንና ምሰሶ ተሸክመው ከየቅያሱ ፈሰሱ። ቅስቀሳ ተብሎ ያልወጣው ሕዝብ ሜዳውን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሞላው። ሦስት ረጃጅም የሚነፋው ለሽማግሌ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ማን እንደጎደለ ለማወቅ እርስ በርሳቸው ይተያዩ ነበር።

«ማን ሞተ?»

«አንተ መስለኸኝ ነበር።»

«እኔማ አለሁ።»

ምትኩ ጥሩምባውን እንደያዘ ወደ ሜዳው ወረደ። የሠራው ስህተት የገባው ድንኳኑ ሲዘረጋ ነው። «ወገኖቼ፣ ማንም አልሞተም፤ የጠራኋችሁ ለ...» ብሎ ጀመረ፤ ዋይታው ዋጠው። እነዚያ የፓርቲው ሰዎች ይህን ቢሰሙ፣ እጩው ሕዝቡን በሐሰት መርዶ ሰበሰበ ይባላል፤ ከተማዋም እስከ ልጅ ልጇ አትረሳለትም። አንድ የጨዋ ውሸት ፈልጎ አጣ።

ጋሽ ቢተው ምርኩዛቸውን ከፍ አደረጉ፤ ሕዝቡም ጸጥ አለ።

«በእኛ ደንብ ጥሩምባ በከንቱ አይነፋም» አሉ። «ከተነፋ ድንኳን ይተከላል፤ ድንኳን ከተተከለ ስም ይጠራል። አቶ ምትኩ፣ ስትነፋ ማንን አስበህ ነፋህ?»

ምትኩ ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ኮቱ ደረት ላይ የሰካው የጆሮ ምልክት ግን ከበደው። «ጋሽ ዳምጤን።»

«እንግዲህ የሞተው ዳምጤ ነው» አሉ ጋሽ ቢተው።

«እሱማ ሦስት ዓመቱ አይደለም እንዴ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«አዎ። የተነፋለት ግን ዛሬ ነው።»

ይህን ጊዜ ለቅሶው የእውነት ሆነ። ያለ ጥሪ የተቀበረ ሰው ዕዳ በሁሉም ሆድ ውስጥ ነበርና። አልቃሿ እትዬ ዘርትሁን መሐል ገብተው፣ ድሮ በሚታወቁበት በዚያ ወፍራም ድምፃቸው አወረዱት፤

«ጥሩምባው ሲጣራ ደርሰናል በሙሉ፣
አልቃሽ ተሰብስቦ ሟቹ የት ነው አሉ።»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። እትዬ ዘርትሁን ጥቂት ዞሩና ምትኩ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ፊታቸው ወደ እሱ ነው፣ ዓይናቸው ግን ከእሱ አልፎ አንድ ሌላ ሰው የሚፈልግ ይመስላል፤

«አግዳሚ ተሸክሞ የሚሮጥ ማለዳ፣
እንዴት ቤቱን ረስቶ ይመጣል እንግዳ።»

ጋሽ ዳምጤ አግዳሚ ተሸክመው አያውቁም። እሳቸው የሚሸከሙት ጥሩምባቸውን ብቻ እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል። ያም ሆኖ ያረመ ሰው አልነበረም፤ የሚያለቅሰው ሁሉ የሚያለቅስለትን ለይቶ ያለቀሰ ይመስል ነበር። ምትኩም አለቀሰ። መጀመሪያ ለመምህሩ ነበር ያለቀሰው፤ ቆይቶ ግን ያ ሁለት አግዳሚ ይዞ የሚሮጠው ጎረምሳ ፊቱ ላይ ድቅን አለበትና እንባው አልቆም አለው።

አረጋውያኑ መቀመጫ አንሷቸው መሬት ላይ መቀመጥ ሲጀምሩ አየ። ኮቱን አወለቀ፤ ለኤፍሬም ወረወረለት። እድሩ ቤት ሄዶ ሁለት አግዳሚ በሁለት ትከሻው ይዞ መጣ። ትከሻው ሃያ ዓመት በኮት ብቻ የኖረ ስለሆነ አመመው፤ ሕመሙን ወደደው። ተመልሶ ሌላ ሁለት አመጣ። ወጣቶቹም ከነጆሯቸው ተከተሉት። «እግር አለው ገና» አሉ አንዲት እናት በነጠላቸው ጥግ አፋቸውን ሸፍነው፤ ያሉት ግን እንዲሰማው አድርገው ነው።

ንግግሩን ያሳተመበት ወረቀት ኮቱ ኪስ ውስጥ ቀረ። ጋሽ ቢተው፣ «የምትለው ካለህ በል፤ ይኸው ሰው ወጥቶልሃል» ሲሉት ተነሳ። «ጋሽ ዳምጤ ሲያርፉ ስብሰባ ላይ ነበርኩ» አለ። «የምን ስብሰባ እንደነበር አሁን አላስታውስም። ይቅር በሉኝ።» ይህን ብሎ ተቀመጠ። አላጨበጨቡለትም፤ ሐዘን ቤት አይጨበጨብም። አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን የያዙትን ንፍሮ ግማሹን እጁ ላይ አደረጉለት።

አሥር ሰዓት ላይ ድንኳኑ ሲነቀል፣ ምትኩ ምሰሶዎቹን አስሮ ጨረሰና ጥሩምባውን ምስማሩ ላይ ሊሰቅል ሄደ።

«አትስቀላት» አሉ ጋሽ ቢተው ከኋላው። «ተሰቅላ ስትከርም ዝገት ይበላታል። እስከ ሰኞ አንተ ዘንድ ትቆይ።»

«ከሰኞ በኋላስ?»

«እሱን ሰኞ እንመርጣለን።»

ምትኩ ሊጠይቅ ያፈረውን ጠየቀ። «ትወጡልኛላችሁ፣ ጋሽ ቢተው?»

ሽማግሌው ትከሻውን፣ ያን ያመመውን፣ ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉት። «ምን ጥርጥር አለው፣ ልጄ። አንድ ሰው አይቀርም። ግራር ውሃ የምትወደውን ሰው አሳልፋ አትሰጥም።»

በመኪና ውስጥ ኤፍሬም ዝም ማለት አልቻለም። «እንዴት ነው፣ አቶ ምትኩ? ይመርጡዎታል?»

«‹የምንወደውን ሰው አሳልፈን አንሰጥም› አሉኝ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት!»

ምትኩ መኪናው ዳገቱን እስኪጨርስ ቃሉን በልቡ ደጋገመው፤ አንዴ በእጩ ጆሮ፣ አንዴ በጋሽ ዳምጤ ተማሪ ጆሮ፤ ወደው መርጠው ያጧትን መምህርትም አስታወሰ። በመስኮቱ ኮረብታዋና ድንጋይዋ ታዩት፤ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ በሩ ተዘግቶ የሚኖረው የአባቱ ቤት። ጥሩምባውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አፉ ላይ የቀረውን የሸረሪት ድር በመሐረቡ ይጠርግ ጀመር። መክፋት የሚገባው ሰው ነበር፤ ግን ደስ አለው።

«ሰኞ እዚህ ውለን ማታ ውጤቱን እንደሰማን ወዲያው ወደ ከተማ እንመለሳለን፣ አይደል?» አለ ኤፍሬም።

«አንተ ትመለሳለህ» አለ ምትኩ። «እኔ እዚሁ አድራለሁ።»