የወይዘሮ ተሾመች በሶብላ አይጠቁርም

በየሰፈሩ እጇ የሚመሰገን አንዲት ሴት አትጠፋም። ለቅሶም ይሁን ሠርግ፣ ሰው የመጀመሪያዋን ጉርሻ በቅጡ ሳይውጥ "ይህን የሠራችው ማናት?" ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም ሁልጊዜ ያው ነው። አማን ከተማ ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ መልሱ ወይዘሮ ተሾመች ናቸው። ይህን መልስ በሰማች ቁጥር ቅናት የሚያቃጥላት ደግሞ አለች፤ አጥር የምትጋራቸው ባለሱቋ ንጋቷ።

ንጋቷ ክፉ ሰው አይደለችም። በሥራ ቀን ሳሙናና ዘይት ትሸጣለች፣ እሑድ እሑድ መዘምራን ውስጥ ቆማ ትዘምራለች፣ የሰው ስም አታነሳም። ግን የወይዘሮ ተሾመች በሶብላ አይጠቁርም፤ የእሷ ይጠቁራል። በዚህ ዝናብ በማይሰለቸው አገር የማይሻግት ነገር የለም። ንጋቷ ከገበያ ያመጣችውን በሶብላ በፌስታል ጠቅልላ ፍሪጅ ትከተዋለች፤ በማግስቱ ስታወጣው ጠቁሮና ተልፈስፍሶ ይጠብቃታል። የጎረቤቷ ግን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ መስኮቱ ላይ ቆሞ እንደ አበባ ያያታል። የጥብስ ቅጠላቸው በእርጥብ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ሳምንት ይከርማል። ኮሰረታቸው ከምድጃው በላይ ተንጠልጥሎ ይደርቃል።

"ፍሪጅ ለሥጋ ነው" ይላሉ ክብርት ወይዘሮ ተሾመች፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው። "በሶብላ ብርድ አይወድም። እኔም አልወድም።"

ንጋቷ እንደተባለችው በሶብላውን ብርጭቆ ውስጥ አቆመችው። ቆየላት። ሽሮዋ ግን የእሳቸውን ሽሮ አልሆን አለ።

"አንድ ነገር ደብቀውኛል" አለች ለባሏ ለኢዮሲያስ።

ኢዮሲያስ ከጎረቤት የተላከውን የሽሮ ሳህን በእንጀራ እየጠረገ ነበር። የእሷን ሳህን እንዲህ ጠርጎት አያውቅም። ሳህኑን አጥባ በአጥሩ ላይ ስትመልስ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ሳትል ወደ ቤቷ ዞረች።

እንዲህ እንዳለች ታናሽ እህቷን መክሊትን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከቴፒ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ድግሱ የሚደገሰው ንጋቷ ቤት ነው። ሽማግሌዎቹ በልተው "ማናት?" ሲሉና "ንጋቷ ናት" ሲባል በሐሳቧ ስንቴ ሰምታዋለች! እናቷ ግን "ተሾመችን ጥሪያት፤ የልጄ ነገር በሙከራ አይሆንም" አሉ።

ወይዘሮ ተሾመች በማለዳ በኮባ የተጠቀለለ አንድ እቅፍ ቅጠል ይዘው ገቡ፤ ማድ ቤቱንም ተረከቡ። "ሽንኩርቱ ይድቀቅ። የጥብስ ቅጠሉን እንዳትነኪው፣ እሱ መጨረሻ ነው።" ንጋቷ በገዛ ቤቷ ሽንኩርት ከታፊ ሆና ጥግ ተቀመጠች።

ረፋዱ ላይ ቅቤው ተጣደ፤ ኮሰረቱም ኮረሪማውም ገባበት። ወዲያው ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ወይዘሮ ተሾመች ለድስቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ሥጋ ይመትራሉ። የሚያርር ቅቤ ሽታ መጀመሪያ ንጋቷ ካለችበት ጥግ ደረሰ። አሁን ይዞራሉ ብላ ጠበቀች። አልዞሩም። ድስቱ አጠገባቸው ነው፤ እሳቸው ሥጋቸውን ይመትራሉ።

ይረር፣ አለች በልቧ። አንድ ቀን እንኳ ይረር። ያረረ ቅቤ የቀመሱ ሽማግሌዎች "ይህን የሠራችው ማናት?" ሲሉ ታያት፤ ሐሳቡ ለአንዲት ዘማሪት ከሚገባው በላይ ጣፈጣት። ከዚያ በበሩ በኩል መክሊትን አየቻት፤ የምትለብሰውን ቀሚስ እየደጋገመች ትተኩሳለች። ንጋቷ ዘላ ድስቱን አወረደች።

"እትዬ፣ አረረ እኮ! አይሸትዎትም?"

ወይዘሮ ተሾመች ቢላውን አስቀመጡ። በሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው ዘጉት።

"አይሸተኝም" አሉ። "ካቻምና ያመመኝ ጊዜ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ቅቤን በድምፁ ነው የማውቀው፣ ሲንጫጫና ዝም ሲል። ዛሬ ዝናቡ ድምፁን ዋጠብኝ።"

"ቅጠሉንስ?"

"በጣቴ አሸዋለሁ፤ ደህና ቅጠል ጣት ላይ ይጣበቃል።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለሰው አትንገሪብኝ፣ ልጄ። እጇ ይጣፍጣል ከሚለው ስም ሌላ ምን አለኝ?"

ንጋቷ ልታዝንላቸው ፈለገች። መጀመሪያ የመጣባት ግን ሌላ ነበር፦ ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ የበለጧት ያለ አፍንጫ ነው! ቅናቷ እጥፍ ሆነ። እጥፍ ሆኖም፣ ያረረውን ደፍታ አዲስ ቅቤ አመጣች።

"እርስዎ ይሥሩ፣ እኔ አሸታለሁ።"

በሩ እንደተዘጋ ሁለቱ አንድ ድስት ላይ አጎነበሱ።

"አሁንስ?"

"ገና።"

"አሁን?"

"ይውረድ!"

ሽማግሌዎቹ በሉ፣ ጠየቁም። "ተሾመች ናት" አሉ እናቷ። ንጋቷ የእጅ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ከንፈሯን ነከሰች። ውኃውንም አፈሰሰችላቸው። መክሊትም ተፈቀደች።

ከዚያ በኋላ ንጋቷ የምታሸተው ድስት በአጥሩ በኩል ይመላለስ ጀመር። ኢዮሲያስ "ምን ትንሾካሾካላችሁ?" ሲል "የሴት ጉዳይ ነው" ትለዋለች።

አንድ የገበያ ቀን ግን አንዲት ደንበኛዋ ወይዘሮ ተሾመችን ድስት ይዘው ሌላዋ ጎረቤት ሰሎሜ ቤት ሲገቡ እንዳየቻቸው በጨዋታ መሐል ጣል አደረገችላት። ንጋቷ ለሴትየዋ በሳሙና ፈንታ ክብሪት ሰጠቻት። ደንበኞቿ እንደቆሙ፣ ጃንጥላም ሳትይዝ፣ በዝናብ ወደ ወይዘሮ ተሾመች ሄደች።

"ሰሎሜ ጋ ምን ወሰደዎት?"

"አንቺ ገበያተኛ ከቦሽ ነበር። የደበቅሁትን አልነገርኳትም፤ 'ወጡ ደርሷል ወይ?' ብቻ ነው ያልኳት።"

"እሷስ ምን አለች?"

"ደርሷል አለች።"

ንጋቷ የድስቱን ክዳን ከፈተች፤ ውኃ ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ አሸተተች።

"አልደረሰም!" አለች በቁጣ። "ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን የማይለቃትን ሴት ይጠይቃሉ? ሌላ ጊዜ እኔን ይጥሩኝ፣ እትዬ። ሱቁን እዘጋለሁ።"